በፖሊስ የተመዘገበ አቤቱታ ፓስፖርት ከማውጣት ያግዳልን? መዝገቡ የት እንደ ደረሰ ለይቶ ለማወቅና እገዳን ለማስነሳት የሚረዳ መመሪያ

አንድ ሰው ጎረቤቱ፣ የቀድሞ ሸሪኩ ወይም ገንዘብ ያበደረው ወዳጁ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እንዳመለከተበት ሲሰማ፣ የጉዞ ሐሳብ ካለው አስቀድሞ የሚያስጨንቀው የፓስፖርቱ ነገር ነው። መልሱ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ በፖሊስ ጣቢያ የተመዘገበ አቤቱታ ብቻውን ፓስፖርት ከማውጣት አያግድም፤ ከአገር ከመውጣትም አያግድም። የሚያግደው ከአቤቱታው በኋላ ሥልጣን ካለው አካል ተሰጥቶ ኢሚግሬሽን ዘንድ የደረሰና የተመዘገበ የእገዳ ትዕዛዝ ነው። በአቤቱታውና በዚያ ትዕዛዝ መካከል ያለው ርቀት አንዳንድ ጊዜ ወራትን የሚወስድ፣ ብዙ ጊዜም ፈጽሞ የማይደረስበት ስለሆነ፣ ባለጉዳዩ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት የእርሱ መዝገብ አሁን በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ነው።

መነሻው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነጻነት እንዳለው፣ ኢትዮጵያዊ ዜጋም ወደ አገሩ የመመለስ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው እንኳ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354 ከአገር መውጣትን መከልከል የፍርድ ቤት ሥልጣን አድርጎ ያስቀመጠ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው ማሻሻያ ግን አስቸኳይ ሁኔታ ሲያጋጥም የተቋሙ የበላይ ኃላፊ ወይም የወከለው ሰው አንድን ሰው ከመውጣት ሊያግድ የሚችልበትን መንገድ ጨምሯል። ይህን ማሻሻያ ብዙ ሰው ልብ አላለውም፤ «የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ከሌለ ማንም አያቆመኝም» የሚለው የቀድሞ አባባል ዛሬ እንደ ወትሮው አይሠራም። ያም ሆኖ የተለመደው መንገድ አሁንም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ በመሆኑ፣ ከዚህ በታች የሚነገረው አብዛኛው እርሱን የሚመለከት ነው።

ስለዚህ ጉዳይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ምክር የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው በአመዛኙ የህንድን አሠራር የሚያስረዳ ነው። በዚያ አገር ፓስፖርት ከመሰጠቱ በፊት ፖሊስ የአመልካቹን አድራሻና ታሪክ ያጣራል፤ የ1967 እ.ኤ.አ. የፓስፖርት ሕጋቸውም በወንጀል ፍርድ ቤት የተጀመረ ጉዳይ ያለበትን ሰው ለመከልከል ይፈቅዳል። ወደ እኛ አገር ስንመጣ ግን መደበኛ ፓስፖርት የሚጠይቅ ሰው የሚያቀርበው በዋናነት የልደት ምስክር ወረቀትና የመታወቂያ ማስረጃ ሲሆን፣ ከፖሊስ የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ ወይም ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃ አምጣ አይባልም። ስለዚህ የሌላውን አገር ምክር አንብቦ መደንገጥም ሆነ መጽናናት አይገባም።

ፓስፖርት መያዝና ከአገር መውጣት

ሁለቱ ነገሮች በብዙ ሰው አእምሮ እንደ አንድ የሚታዩት ያለ ምክንያት አይደለም። በደርግ ዘመን ፓስፖርት ያለው ሰው ሁሉ መውጣት አይችልም ነበር፤ የመውጫ ቪዛ የሚባል ሌላ ፈቃድ ያስፈልግ ስለ ነበር፣ የዚያን ጊዜ ሰዎች «ፓስፖርት ተከለከለ» ሲሉ ብዙ ጊዜ መውጫ ተከለከለ ማለታቸው ነበር። ዛሬ ያ ቪዛ ለኢትዮጵያዊ ተጓዥ የለም። ይሁንና ፓስፖርት የሚሰጠውም ሆነ በድንበርና በአውሮፕላን ማረፊያ ተጓዡን የሚቆጣጠረው ያው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት በመሆኑ፣ ለዚህ ተቋም የደረሰ እገዳ ከሁለቱ በአንደኛው ቦታ ብቅ ማለቱ አይቀርም።

ስለዚህ የእገዳው ቃል ምን እንደሚል ማንበብ ያስፈልጋል። «ከአገር እንዳይወጣ» የሚል ትዕዛዝ መውጣትን እንጂ ሰነዱን መያዝን በቃሉ አይከለክልም፤ «ፓስፖርቱን ለፍርድ ቤቱ ያስረክብ» ወይም «ፓስፖርት እንዳይሰጠው» የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ሰነዱንም ይነካል። ጊዜው ያለፈበትን ፓስፖርት ለማሳደስ የሚፈልግና እገዳ ያለበት ሰው በመስኮቱ ላይ ከመከራከሩ በፊት የትዕዛዙን ግልባጭ ማውጣት የሚኖርበት ለዚህ ነው። እገዳው መውጣትን ብቻ የሚመለከት መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት በእጁ ይዞ ሲቀርብ፣ ሊጠይቀው የሚችለውን ነገር በትክክል ለይቶ ይጠይቃል።

የፖሊስ ጉዳይ ሌላ ነው። ፖሊስ በፍተሻ ወይም በያዘበት ጊዜ ፓስፖርቱን ወስዶ በኤግዚቢትነት መዝግቦት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን «ጠፍቶብኛል» ብሎ ምትክ ለማውጣት መሞከር ከመነሻው ጉዳይ የከፋ የሐሰት ጣጣ ያመጣል። ትክክለኛው መንገድ ሰነዱ የተያዘበትን የርክክብ ወረቀት መጠየቅ፣ ቀጥሎም ፓስፖርቱ ለጉዳዩ ማስረጃ አለመሆኑን በመግለጽ እንዲመለስ በጽሑፍ ማመልከት ነው፤ መርማሪው እምቢ ካለም ጉዳዩን ለሚከታተለው ዐቃቤ ሕግ ወይም ፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል።

መዝገቡ የት ነው ያለው?

አቤቱታ ሲቀርብ ፖሊስ መዝገብ ይከፍታል፤ የአመልካቹን ቃል ይቀበላል፤ ምስክሮችን ይሰማል፤ ከዚያም ተጠርጣሪውን በመጥሪያ ይጠራል። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው ተጠርጣሪ እንጂ ተከሳሽ አይደለም፤ ፓስፖርት ከማመልከትም ሆነ ከመጓዝ የሚያግደው የጽሑፍ ነገር በአብዛኛው የለም። መጥሪያ ከደረሰው ግን መቅረቡ ይጠቅመዋል። መጥሪያውን ችላ ብሎ አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው ሕጉን ባይጥስ እንኳ፣ በሌለበት ስለ እርሱ የሚነገረውን ነገር ለራሱ አብሶ ይሄዳል፦ ፖሊስ «ተጠርጣሪው ሊሰወር ነው» ብሎ የመያዣ ወይም የእገዳ ትዕዛዝ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አያገኝም። ቀርቦም ቃሉን ሲሰጥ ዝም የማለት መብት አለው፤ የተያዘ ከሆነም፣ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ይናገራል።

በጣቢያው መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ክስ አለብኝ ወይ?» የሚለው አይደለም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አለብህ» ነውና። በልማድ አነጋገራችን ፖሊስ ዘንድ ማመልከትንም «ከሰሰኝ» እንላለን፤ በሕግ ቋንቋ ግን ክስ የሚባለው ዐቃቤ ሕግ ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው ብቻ ነው። ይህ የቃል መደበላለቅ ስንቱን ሰው ከማያስፈልግ ሥጋት ላይ እንደ ጣለ ይታወቃል። ይልቅስ መርማሪውን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ የምርመራ መዝገቡ ቁጥር ስንት ነው? መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ተልኳል ወይ? በምርመራው ጊዜ ለፍርድ ቤት የቀረበ የእገዳ ጥያቄ አለ ወይ፣ ካለስ የጊዜ ቀጠሮ መዝገቡ (ምርመራው ሳያልቅ ለፍርድ ቤት የሚቀርበው ጥያቄ የሚያዝበት) በየትኛው ችሎት ነው? የሦስቱን መልስ የያዘ ሰው የቀረውን መንገድ በራሱ ሊሄደው ይችላል።

መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ከተላከ የሚወሰነው አንድም ክስ እንዲቀርብ፣ አንድም ምርመራው ተሟልቶ እንዲመለስ፣ አንድም በቂ ማስረጃ ባለመኖሩ ወይም ሕጉ በሚዘረዝራቸው ሌሎች ምክንያቶች ክስ እንዳይቀርብ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ዐቃቤ ሕግ የፖሊስን መዝገብ በተቀበለ በ15 ቀን ውስጥ ክሱን እንዲያዘጋጅ ይላል፤ የጽሕፈት ቤቶቻችን ሸክም ይህን ጊዜ ሲያስረዝመው የሚታይ በመሆኑ ግን ቀኑ አለፈ ብሎ መዝገቡ ተዘግቷል ብሎ ማሰብ አይገባም። መዝገቡ የተዘጋ ከሆነ የውሳኔውን ግልባጭ ወይም መዘጋቱን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጠየቅ ያስፈልጋል። «ተዘግቷል፣ ሂድ» የሚለው የቃል መልስ በዕለቱ ያስደስታል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ያን የተናገረው መርማሪ ተዛውሮ መሄዱ የተለመደ ነው።

መዝገቡ ፍርድ ቤት ከደረሰና ክስ ከተመሠረተ ነገሩ በእርግጥ ይለወጣል፤ ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን በገንዘብ ጠብ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል።

ብድርና ዛቻ

«ገንዘቤን ካልመለስክ ፓስፖርት አታወጣም፤ ስምህን ቦሌ አስቀምጬዋለሁ።» ይህን ዛቻ ያልሰማ ተበዳሪ ጥቂት ነው። አበዳሪ ራሱ በኢሚግሬሽን መዝገብ ላይ የማንንም ስም ማስቀመጥ አይችልም። ብድር አለመክፈል በራሱ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ እንጂ ወንጀል አይደለም። አንዳንዱ አበዳሪ ግን ይህን ስለሚያውቅ ብድሩን የእምነት ማጉደል ወይም የማታለል ልብስ አልብሶ ወደ ፖሊስ ይወስደዋል፤ ያን ጊዜ ተበዳሪው ለመርማሪው ሊያስረዳው የሚገባው ከመጀመሪያው የነበረው ስምምነት ብድር እንደ ነበረ ነው። የውል ወረቀት፣ የባንክ ማስተላለፊያ ደረሰኝ፣ «በዚህ ወር ክፈለኝ» የሚሉ የስልክ መልእክቶች እዚህ ላይ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይረዳሉ።

ቼክ የሰጠ ሰው ግን በዚህ ሊጽናና አይችልም። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ፣ በተለምዶ ደረቅ ቼክ የሚባለው፣ በወንጀል ሕጉ ራሱን ችሎ ያስቀጣል፤ «ለመያዣ ብዬ ነው የሰጠሁት» የሚለው ክርክርም ሁልጊዜ አያዋጣም። ደረቅ ቼክ የጻፈና ጉዞ ያሰበ ሰው ፓስፖርቱን ከማሰቡ በፊት ቼኩን ቢያስብ ይሻለዋል።

ዕርቅን በተመለከተ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። አንዳንድ ወንጀሎች የሚያስከስሱት ተበዳዩ ሲያመለክት ብቻ ነው፤ እንዲህ ባለው ጉዳይ ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ባወቀ በሦስት ወር ውስጥ ማመልከት ይኖርበታል፤ አቤቱታውን ሲያነሳም ነገሩ ያበቃል። በሌሎቹ ወንጀሎች ግን የሽማግሌ ዕርቅ ቢፈጸምም ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን ሊቀጥልበት ይችላል። ስለዚህ ከታረቁ በኋላ የዕርቁን ስምምነት ጽፎ ማስፈረም፣ አቤት ባዩም በአካል ሄዶ ጣቢያው ዘንድ እንዲያስመዘግበው ማድረግ ይገባል። ሽማግሌዎቹ ቡና ጠጥተው ሲለያዩ መዝገቡ አብሮ አይለያይም።

እገዳው ከወጣ በኋላ

በተግባር የጉዞ እገዳ በብዛት የሚመጣው ከዋስትና ጋር ነው። ፍርድ ቤቱ ተጠርጣሪው ወይም ተከሳሹ የገንዘብ ዋስ አስይዞ እንዲለቀቅ ሲፈቅድ፣ በዚያው ትዕዛዝ ላይ «ከአገር እንዳይወጣ ለኢሚግሬሽን ይጻፍ» የሚል ሐረግ ይጨምራል። ሰውዬው የመፈታቱ ደስታ ስለሚይዘው ይህን ሐረግ ሳያነብ ይሄዳል። በመሆኑም ዋስትና የተፈቀደለት ሰው በዚያው ሳምንት የትዕዛዙን ግልባጭ ከፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር (መዝገብ ቤት) አውጥቶ ማንበብ፣ እገዳ ካለበትም ደብዳቤው በምን ቁጥርና በየትኛው ቀን ወጪ እንደ ሆነ ጽፎ መያዝ አለበት።

እገዳው እንዲነሳ ወይም ለተወሰነ ጊዜ እንዲላላ የሚጠየቀው ትዕዛዙን የሰጠው ፍርድ ቤት ነው። ለኢሚግሬሽን ማመልከቻ ማስገባት፣ ለኃላፊ መለመን ወይም ደላላ መቅጠር ጊዜ ማባከን ነው፤ ተቋሙ የፍርድ ቤትን ትዕዛዝ በራሱ ሊያነሳ አይችልምና። ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚል ሰው «ከሲስተሙ ላይ አስጠፋልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ሲቀበል፣ ባለጉዳዩን ከአንድ የወንጀል መዝገብ አውጥቶ ወደ ሌላው እያስገባው ነው።

ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«የወንጀል መዝገብ ቁጥር ______። አመልካች (ተከሳሽ) ______። ተጠሪ ዐቃቤ ሕግ። ጉዳዩ፦ ከአገር እንዳልወጣ የተሰጠው እገዳ ለተወሰነ ጊዜ እንዲነሳልኝ ስለ መጠየቅ። ይህ ፍርድ ቤት በ______ ቀን በዋለው ችሎት በብር ______ ዋስ ስለቀቅ ከአገር እንዳልወጣ እገዳ ሰጥቷል። እስከ ዛሬ በተሰጡኝ ቀጠሮዎች ሁሉ ቀርቤያለሁ። በተያያዘው የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ እንደተገለጸው በአገር ውስጥ የማይሰጥ ሕክምና ስለታዘዘልኝ፣ ከ______ እስከ ______ ቀን ድረስ ተጉዤ እንድመለስ፣ አስፈላጊ ከሆነም ተጨማሪ ዋስ እንዳቀርብ ተፈቅዶልኝ እገዳው መነሳቱ ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት እንዲጻፍልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።»

በዚህ ውስጥ ክብደት ያለው ሐሳብ «በቀጠሮዎች ሁሉ ቀርቤያለሁ» የሚለው ነው። ዳኛው የሚመዝነው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ስለዚህ የመመለሻ ትኬት፣ የቤተሰብና የሥራ ማስረጃ፣ የቤት ካርታ፣ የሚታወቅ ዋስ የሚቀርቡት ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነው። ፍርድ ቤቱ ብዙ ጊዜ ዐቃቤ ሕግ አስተያየት እንዲሰጥበት ስለሚያዝና ለዚያም ቀጠሮ ስለሚሰጥ፣ ማመልከቻውን በጉዞው ዋዜማ ሳይሆን ቀደም ብሎ ማስገባት ግድ ነው። ጥያቄው ውድቅ ከተደረገ ደግሞ አዲስ ነገር ሲገኝ እንደገና ማመልከት ይቻላል፤ ይግባኝ የሚያስፈልግ ከሆነም ዋስትና የተከለከለ ሰው ያለው የይግባኝ ጊዜ 20 ቀን ብቻ መሆኑን እያሰቡ ሳይዘገዩ የሕግ ባለሙያ ማማከር ይገባል።

የተዘጋ መዝገብ፣ ያልተነሳ እገዳ

እንደ እኔ እምነት ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ይህ ነው። አንድ የቅርብ ዘመዴ ከሱቅ ሸሪኩ ጋር ተጣልቶ ተከስሶ ነበር፤ ክሱ ተቋርጦ፣ የዋስ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ነገሩን ረስቶት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የልጁን ሠርግ ለመገኘት ሲነሳ፣ ሻንጣውን አስረክቦ፣ የመሳፈሪያ ወረቀቱን ይዞ ከመቆጣጠሪያው መስኮት ፊት ቆመ። መኮንኑ ፓስፖርቱን አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ ገለጠው፤ የአያቱን ስም ጠየቀው፤ ማያ ገጹን ለጥቂት ጊዜ ተመለከተና «አባቴ፣ ትንሽ ከዚህ ጎን ይቁሙልኝ» አለው። ያቺ «ትንሽ» አውሮፕላኑን አሳለፈች። በማግሥቱ መዝገብ ቤት ሄደን ፋይሉን ስናስከፍት፣ ክሱን የሚያቋርጠው ትዕዛዝ እገዳው መነሳቱ እንዲጻፍም ያዝዝ ነበር፤ ደብዳቤው ግን ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ወጪ ሳይሆን በዋስ ደረሰኞቹ መካከል ተኝቶ አገኘነው። ማንም ክፉ አላሰበበትም። የጠየቀ ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ በነጻ መለቀቅ፣ በክስ መቋረጥ ወይም በቅጣት መፈጸም ሲያበቃ፣ የመጨረሻው ሥራ እገዳውን መከታተል ነው። በመጀመሪያ የመጨረሻው ትዕዛዝ ስለ እገዳው መነሳት በግልጽ መናገሩን ያረጋግጡ፤ ካልተናገረ በዚያው መዝገብ ላይ አጭር ማመልከቻ ያስገቡ። ቀጥሎ የማንሻው ደብዳቤ ወጪ መሆኑን ከሬጅስትራር ይጠይቁ፤ ፍርድ ቤቱ ከፈቀደ ታሽጎ በእጅዎ እንዲሰጥዎ ያመልክቱ። ከዚያ ደብዳቤውን ለኢሚግሬሽን መዝገብ ቤት አስረክበው የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን በግልባጩ ላይ ያስጽፉ። ከቀናት በኋላ ተመልሰው ትዕዛዙ መፈጸሙን በአካል ይጠይቁ። ይህ ሁሉ አድካሚ ነው፤ ከጠፋ ትኬት ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ግን ርካሽ ነው። በክልል ፍርድ ቤት የተሰጠ እገዳ ከሆነ ደብዳቤው አዲስ አበባ እስኪደርስ የሚያልፍባቸው ጠረጴዛዎች ስለሚበዙ ክትትሉም በዚያው ልክ መጥበቅ አለበት።

ሞክሼዎች

የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው፤ በሦስቱም የሚመሳሰሉ ሰዎች ደግሞ በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ ጥቂት አይደሉም። በስም ብቻ የተጻፈ እገዳ የታገደውን ሰው ትቶ ሞክሼውን ሊያስቆም ይችላል። የላቲን አጻጻፉ በየሰነዱ መለያየቱ፣ የልደት ዘመኑም በአንዱ ወረቀት በእኛ አቆጣጠር በሌላው በአውሮፓውያን መጻፉ ግራ መጋባቱን ያብሰዋል። ምንም ጉዳይ ሳይኖረው የተያዘ ሰው እገዳውን የሰጠውን ፍርድ ቤትና የመዝገቡን ቁጥር እንዲነገረው መጠየቅ፣ በዚያ መዝገብ ላይ ያለው ተከሳሽ እርሱ አለመሆኑን የእናት ስም፣ የልደት ቀን፣ ፎቶግራፍና የፋይዳ ቁጥር በማስመስከር የፍርድ ቤት ማረጋገጫ ማውጣት አለበት። እገዳ እንዲሰጥለት የሚያመለክት ሰውም ቢሆን የሚያግደውን ሰው የፓስፖርት ቁጥር ካወቀ ቢያስጽፍ ንጹሕ ሰው ከማስቆም ይድናል።

የወንጀል ያልሆኑ እገዳዎች

እገዳ ሁሉ ከፖሊስ አይነሳም። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ተከሳሹ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ሊሰወር ነው ብሎ የሚያሳምን ከሳሽ፣ ፍርድ ቤቱ ዋስ እንዲያስጠራ ወይም ሌላ የጥበቃ ትዕዛዝ እንዲሰጥ ሊጠይቅ ይችላል። በፍቺና በልጅ ማሳደግ ክርክርም አንደኛው ወላጅ ልጁ ያለ እርሱ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ማሳገዱ የተለመደ ነው። አፈታቱ ያው ነው፦ ትዕዛዙን የሰጠው ችሎት።

ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃ

ፓስፖርቱ ያለ እንከን ወጥቶ ነገሩ የሚቆመው አንዳንድ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ኤምባሲዎችና የውጭ አሠሪዎች ቪዛ ለመስጠት ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ይህም በአሻራ ተመርምሮ ከፖሊስ የሚሰጥ ነው። የፖሊስ መዝገብ ያለበት ሰው ማስረጃው ሊዘገይበት ስለሚችል፣ ቀደም ሲል ያልነው የዐቃቤ ሕግ የመዝጊያ ውሳኔ ወይም የፍርድ ቤት ነጻ መለቀቂያ ግልባጭ እዚህ ላይ እንደገና ያስፈልገዋል። የቪዛ ቅጹ «ተከሰው ያውቃሉ?» ብሎ ከጠየቀ ደግሞ እውነቱን መጻፍ ይገባል፤ ከተዘጋ መዝገብ ይልቅ የተደበቀ መዝገብ ቪዛ ያስከለክላል።

በውጭ አገር ላሉ

በሳዑዲ አረቢያ ያለች ሠራተኛ አሠሪዋ «ጠፍታለች» ብሎ ሁሩብ ካስመዘገበባት፣ ያ መዝገብ የሚገኘው በዚያ አገር መንግሥት ዘንድ ነው። የኢትዮጵያ ቆንስላ ጊዜው ያለፈበትን ፓስፖርቷን ሊያድስላት ወይም ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ምትክ የሚሰጥ ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ) ሊሰጣት ይችላል፤ ሰነዱ ግን የሳዑዲን እገዳ አያነሳም። አሠሪው በስርቆት ከከሰሳት ደግሞ መጀመሪያ ያ ክስ በዚያው አገር መቋጨት አለበት። ፓስፖርትሽ አለ ማለት መውጫሽ ተከፍቷል ማለት እንዳልሆነ ለእህቶቻችን አስቀድሞ መንገር፣ በመጠለያ ሆነው ወራት የሚጠብቁበትን ምክንያት ያስረዳቸዋል።

የአሜሪካ ዜግነት ላለው ወገናችን ሕጉ የተለየ ነው። በዚያ አገር ለፖሊስ የቀረበ አቤቱታ አሁንም ብቻውን አያግድም፤ በከባድ ወንጀል የወጣና ያልተፈጸመ የእስር ማዘዣ፣ ወይም ከአገር መውጣትን የሚከለክል የዋስትና ወይም የአመክሮ ግዴታ ግን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ፓስፖርት እንዲከለክል ምክንያት ይሆናል። ብዙዎቻችን የማንጠረጥረው ደግሞ ሌላ ነው፦ ከ2,500 ዶላር በላይ የልጅ ማሳደጊያ ውዝፍ ዕዳ ያለበት ሰው ፓስፖርት አይሰጠውም። ምንም ፖሊስ በሌለበት ጉዳይ ክረምቱን አዲስ አበባ ለማሳለፍ ያሰበ አባት ማመልከቻው የሚመለስበት በዚህ ነው።

ለጉዞው ቀን

እገዳው የተነሳለት ሰው የማንሻውን ትዕዛዝ ግልባጭና የገቢ ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት በሻንጣው ውስጥ ሳይሆን በእጁ በሚይዘው ቦርሳ ውስጥ ያድርግ፤ ሻንጣው ከተጓዘ በኋላ ወረቀቱን ማምጣት አይቻልምና። ከተቻለ የበረራው ቀን ዓርብ ማታ ወይም የበዓል ዋዜማ ባይሆን ይመረጣል። በመስኮቱ ላይ ችግር ቢፈጠር፣ ስልክ የሚያነሳ ሬጅስትራር የሚገኘው በሥራ ቀን ነው።